የራጉኤል ሸማችና የተጫዋች ገበያ

ክረምት ሲገባ የኳስ ሜዳው ጸጥ ይላል፤ የደጋፊው አፍ ግን አያርፍም። ሊጉ ካለቀበት ቀን አንሥቶ አዲሱ ውድድር እስኪከፈት ድረስ ደጋፊ የተባለ ሁሉ ነጋዴ ነው። ገንዘብ የለውም፤ ግን ይገዛል። ሥልጣን የለውም፤ ግን ያሰናብታል። በራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ካሉት ሻይ ቤቶች ባንዱ ዝናቡን ተጠልላችሁ ጥቂት ብትቀመጡ፥ «እገሌን ብናመጣው ኖሮ»፥ «እገሌማ ዕድሜው አልፏል»፥ «ያ የሐዋሳው ልጅ ስንት ጠየቀ?» የሚል ክርክር ሳትሰሙ ሻዩን አትጨርሱም። ተማሪው ደብተሩን፥ ጸሐፊው ፋይሉን ዘግቶ የክለብ ሥራ አስኪያጅ የሚሆንበት ወራት ይህ ነው።

ይህን ገጽ የሚያዘጋጀው ሰው የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ መሆኑን ሳይደብቅ ይናገራል። የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎች የሆናችሁ አንባቢያን ግን ገጹን አትለፉት፤ የምንለው ነገር ለእናንተም ቡድን ይሠራልና። ጊዮርጊስ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ዋንጫውን ሁለት ጊዜ አከታትሎ ወስዶ ነበር። ከዚያ በኋላ በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ መድን ወሰዱት። ዋንጫ ከቤት ሲወጣ ደጋፊ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «ግዙልን!» ይላል። ማንን? ብላችሁ ብትጠይቁት የሚሰጣችሁ መልስ ዘወትር ስም ነው። የዛሬው ነገራችን ከዚህ ላይ ይጀምራል። እኛ እንደምናስበው፥ በክረምት ገበያ አስቀድሞ የሚፈለገው ስም አይደለም፤ ጉድለት ነው።

ይህንንም ለመማር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ የራጉኤልን ሸማች ማየት ይበቃል። አንዲት የቤት እመቤት ከኮልፌ ወይም ከጉለሌ ተነሥታ ድስት ልትገዛ መርካቶ ብትመጣ፥ ያማረውን ድስት አይታ ብቻ ገንዘቧን አትፈታም። አስቀድማ በቤቷ ያለውንና የሌለውን ታውቃለች፤ የጎደላት ድስት ከሆነ ጀበና ይዛ አትመለስም። ቀጥላ ድስቱን በጣቷ ታንኳኳለች፤ ገልብጣ ታየዋለች፤ ስንት ዓመት እንደሚያገለግላት ትገምታለች። በመጨረሻም በቤት ውስጥ ማን እንደሚይዘው ታስባለች፤ የምታበስለው በከሰል ከሆነ ለኤሌክትሪክ ምድጃ የተሠራውን አትወስድም። ዋጋ የምትከራከረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንግዲህ ሦስት ጥያቄ መሆኑ ነው፤ ምን ጎደለኝ? ስንት ዘመን ያገለግለኛል? ማን ይይዘዋል? የኳስ ደጋፊ ግን ከዋጋውና ከስሙ ይጀምርና ሦስቱን ጥያቄዎች በጥር ወር፥ ቡድኑ ሲሸነፍ ያስታውሳቸዋል።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት ግን ገበያው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። በእኛ አገር ተጫዋችና ክለብ የሚዋዋሉት በአብዛኛው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። ውሉ ሲያልቅ ተጫዋቹ ነጻ ይሆናል፤ ወደፈለገው ክለብ ሄዶ ይፈርማል። የቀድሞው ክለብ ላሳደገው ልጅ አንዳች ሳያገኝ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። በአሜሪካ ቤዝቦል በሚባለው፥ ኳስን በዱላ በሚመቱበት ጨዋታ፥ ክለቦች ተጫዋችን በተጫዋች ይለዋወጣሉ፤ አንዱን የወሰደ ሌላውን ይሰጣል። በዚያ ደጋፊው «ማንን እንውሰድ?» ሲል «ማንን እንስጥ?» የሚለውን አብሮ ለመመለስ ይገደዳል። የእኛ ደጋፊ ግን የሚያገኘውን ብቻ ስለሚቆጥር የሚያጣውን ይረሳል። ከዚህም የተነሣ በየክረምቱ የቡድን እኩሌታ ሊወጣ፥ እኩሌታውም ሊገባ ይችላል፤ አሠልጣኙም በጥቅምት ወር ስማቸውን ገና የሚያጠናቸውን ልጆች ይዞ ሜዳ ይወጣል።

ዱሮ እንዲህ አልነበረም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ሲመሠረት የከተማው ትልቁ ገበያ እዚያው በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ወደዛሬው መርካቶ ተዛወረ፤ ክለቡ ግን ስሙን ይዞ ቀረ። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፥ ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆኑት፥ ለዚሁ ክለብ ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውተዋል። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ከጀግኖቹ አንዱ የነበረው መንግሥቱ ወርቁም የጊዮርጊስ ልጅ ነበር። በዚያ ጊዜ ሰው ክለብ የሚይዘው እንደ እድር ነበር፤ አንዴ ከገባ አይወጣም። ይህን ስንል ግን ያን ዘመን መልሱልን ማለታችን አይደለም። የኳስ ተጫዋች እንጀራ ዕድሜው አጭር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሲያልፈው ጉልበቱ ይጠይቀዋል። በጉልበቱ ወራት የተሻለ የሚከፍለውን ቢፈልግ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ወቀሳ ካለም የሚገባው ሳያስብ ለሚገዛው ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንግባ፤ ምን ጎደለኝ? በ2015 ዓ.ም. ጊዮርጊስ ዋንጫውን ሲወስድ የቶጎው ተወላጅ ኢስማኤል ኦሮ አጎሮ ከሃያ በላይ ጎል አግብቶ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሲሄድ የደጋፊው ጩኸት «ሌላ አጎሮ አምጡ» የሚል ነው። ነገር ግን ሃያ ጎል የሚያገባ ሰው በሱቅ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ቢገኝም ዋጋው የክለብን ካዝና ያራቁታል። ስለዚህ «ማን ሄደ?» ማለት ትተን «ከእርሱ ጋር ምን ሄደ?» ማለት ይሻላል። የሄደው ሰው ብቻ አይደለም፤ ሃያ ጎል ነው። ሃያ ጎል ደግሞ ለሦስት ሰው ሊከፋፈል ይችላል።

ይህ የሐሳብ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ እውነተኛ ነገር እንጨምር። ከላይ ባነሣነው በአሜሪካው ቤዝቦል ኦክላንድ የሚባል ገንዘብ የሌለው ክለብ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ማብቂያ ላይ ጄሰን ጂያምቢ የተባለውን ዋና መቺውን ባለጸጋው የኒውዮርክ ያንኪስ ክለብ ወሰደበት። የኦክላንዱ ሥራ አስኪያጅ ቢሊ ቢን ጂያምቢን የሚመስል ሰው አልፈለገም፤ መግዣውም አልነበረው። ጂያምቢ ለቡድኑ ያደርግ የነበረውን ነገር በቁጥር ዘርዝሮ፥ ያንን ሥራ ተከፋፍለው ሊሠሩ የሚችሉ፥ ሌሎች የናቋቸውን ርካሽ ተጫዋቾች ሰበሰበ። በ2002 ኦክላንድ 103 ጨዋታ አሸነፈ፤ ከእነዚህም ሃያው በተከታታይ ነበር። በዚያው ዓመት ለደመወዝ ሦስት እጥፍ ያህል ያወጣው ያንኪስ ያሸነፈውም እንዲሁ 103 ነበር። ኦክላንድ ዋንጫውን አልበላም፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ነገር ግን በድሃ ቦርሳ ከባለጸጋው እኩል ቆሞ ታይቷል።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ ስንት ዘመን ያገለግለኛል? የሚለው ነው። ጊዮርጊስ ባለፉት ዓመታት ካደረጋቸው መልካም ግዢዎች መካከል የምናስታውሳቸው ሲመጡ ገና ወጣቶች የነበሩ ናቸው። ሳላዲን ሰይድ ከሙገር ሲሚንቶ መጣ፤ አዳነ ግርማና ሽመልስ በቀለ ከሐዋሳ መጡ። አዳነ በጥር 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ በዛምቢያ ላይ ጎል ያገባው ነው፤ በጊዮርጊስም ብዙ ዓመት ቆይቷል። ሽመልስ ኋላ ወደ ግብፅ ሄዶ ለረዥም ጊዜ ተጫወተ። ሳላዲንም በግብፅ፥ በቤልጂግና በአልጄሪያ ተጫውቶ ሲመለስ የተቀበለው የቀድሞ ክለቡ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ጊዮርጊስ ከኢትዮጵያ ክለቦች የመጀመሪያው ሆኖ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ወደ ምድብ ሲገባ እርሱ ግንባር ቀደም ነበር። ልብ በሉ፤ ሦስቱም ሲመጡ ስማቸው ገና በአገር ሁሉ አፍ አልገባም ነበር። ስም ያገኙት ከመጡ በኋላ ነው። የገባ ስም መግዛት ሁሉም ይችላል፤ ጥበቡ የሚገባውን ስም አስቀድሞ ማየቱ ላይ ነው።

ተፎካካሪያችን ቡናም ከዚህ የተለየ ነገር አላሳየንም። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል ሲያገባ ገና ወጣት ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያም ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተሻገረ። ሜዳ ላይ ያስለቀሰን ልጅ ቢሆንም እውነቱ መነገር አለበት፤ እንዲህ ያለ ልጅ በገንዘብ ብዛት የሚገኝ አይደለም፤ በትዕግሥት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ ማን ይይዘዋል? የሚለው ደጋፊ ከሁሉ የሚረሳው ነው። በ2010 ዓ.ም. ዋንጫውን የወሰደው ጅማ አባ ጅፋር ነበር። በ2011 ዓ.ም. መቀሌ 70 እንደርታ ወሰደው። በ2017 ዓ.ም. እንዳልነው ኢትዮጵያ መድን ወሰደው። ሦስት ክለብ፥ ሦስት ዓይነት ተጫዋች፥ ሦስት ዓይነት ቦርሳ። አሠልጣኙ ግን አንድ ሰው ነበር፤ ገብረ መድኅን ኃይሌ። እንግዲህ በሻይ ቤት ስለ አጥቂ ዋጋ ሦስት ሰዓት ስንከራከር፥ ስለ አሠልጣኝ ግን ቡድኑ ሲሸነፍ ብቻ የምንናገር ከሆነ፥ ድስቱን ገዝተን ወጥ ሠሪዋን ረስተናል ማለት ነው። ተጫዋቹን የሚመርጠው አሠልጣኙ ካልሆነ፥ ኋላ ለውጤቱ እርሱን መጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

«ዋንጫ ከመጣ በምንም መንገድ ይምጣ» የሚሉም አሉ። ለእነዚህ የምናስታውሳቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። ደደቢት በ2005 ዓ.ም. ዋንጫ በልቶ በ2011 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ። ጅማ አባ ጅፋርም ዋንጫ በበላ በአራተኛው ዓመት፥ በ2014 ዓ.ም. ወረደ። የወረዱበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም በግዢ ላይ ብቻ መጫን አይቻልም። ነገር ግን ዋንጫ ለነገ ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

አሁን የገንዘቡን ነገር እናንሣ፤ ይህ በተለይ ደመወዝተኛ የሆናችሁትን ይመለከታል። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣራ ተወስኖ ነበር። ከዚያ በኋላ «በጓዳ በር የሚሰጥ አለ፥ የለም» የሚለው ክርክር አልበረደም። እኛ የተጫዋቹን ደመወዝ በቅናት አንመለከትም። ነገር ግን ከሊጉ ክለቦች ብዙዎቹ በከተማ አስተዳደር በጀት የሚተዳደሩ ናቸው። ሐዋሳ ከተማ፥ አዳማ ከተማ፥ ባሕር ዳር ከተማ ብለን ስንጠራቸው ስማቸው ራሱ የገንዘቡን ምንጭ ይነግረናል። እንግዲህ ያ ገንዘብ ከነጋዴው ግብርና ከጸሐፊው ደመወዝ የተቆረጠ ነው። በአንድ ክረምት አሥር ተጫዋች ገዝቶ በሚቀጥለው ክረምት አሥሩንም የሚያሰናብት ክለብ ካለ፥ የሚባክነው ለአንድ ወጣት መንደር ሜዳ ሊሆን ይችል የነበረ ገንዘብ ነው። ጊዮርጊስና ቡና የከተማ በጀት ክለቦች ባይሆኑም፥ ደጋፊው በመለያና በመግቢያ ትኬት ከኪሱ ያወጣል። የደጋፊም ገንዘብ ቢሆን ገንዘብ ነው። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

«ይህን ሁሉ ካልህ ዘንድ አንተስ ምን ትገዛ ነበር?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ እናውቃለን። እኛም እንደ ማንኛውም ደጋፊ ሥልጣን ሳይኖረን እንመልሳለን።

ከአጥቂ እንጀምር። አንድ ትልቅ ስም ከማምጣት ይልቅ፥ በከፍተኛ ሊግ ጎል ማግባት የለመዱ፥ ዕድሜያቸው ከሃያ ሁለት ያላለፈ ሁለት ልጆች ቢመጡ እንመርጣለን። ለሁለቱም የሦስት ዓመት ውል ይሰጣቸው። አንዱ ባይሳካለት እንኳ ሌላው ይቀራል፤ ሁለቱም ከተሳካላቸው ደግሞ ውል ስላላቸው ወደ ውጭ ሲሄዱ ክለቡ ባዶ እጁን አይቀርም።

ቀጥሎ በተከላካዮች ፊት ቆሞ ኳስ የሚነጥቅ አማካይ ያስፈልጋል። ይህ ቦታ ጭብጨባ የለውም፤ በሻይ ቤት ስሙ የሚነሣው ሲሳሳት ብቻ ነው። ስለዚህም ዋጋው ከሥራው ያነሰ ነው። ብልህ ሸማች የሚቆመው እንዲህ ያለው ዕቃ ፊት ነው። ለዚህ ቦታ ግን ወጣት አንጠይቅም፤ ሃያ ስምንትና ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሆነው፥ ሌሎቹን በድምፁ የሚመራ ሰው ይሁን። ሁሉም ልጅ የሆነበት ቤት ያለ ታላቅ አይቀናም።

በበረኛ ቦታ ደግሞ ምኞታችን ኢትዮጵያዊ ልጅ ነው። ኡጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ ለጊዮርጊስ ብዙ ዓመት በታማኝነት አገልግሏል፤ ውለታውንም አንረሳም። ነገር ግን በትልልቅ ክለቦች በር ላይ ሁልጊዜ የውጭ ሰው ከቆመ፥ የብሔራዊ ቡድኑ በረኛ ከወዴት ይመጣል? በረኛ የሚበስለው በመቆም ነው፤ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ የበሰለ በረኛ አላየንም።

ከግዢው ሁሉ በፊት ግን የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ ያሉትን ማቆየት። ውላቸው በክረምቱ የሚያልቅ የራሳችን ልጆች ካሉ፥ ደላላ ቤታቸውን ሳያንኳኳ በጥር ወር ተጠርተው መነጋገር አለባቸው። በሐምሌ የሚደረግ ልመና በጥር ከሚደረግ ውይይት ይልቅ ውድ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባል የለም? የዘገየች ግን የምትለቅመውም አታገኝም።

የማንገዛውንም እንናገር። ከቡና ተጫዋች «እንዲቆጫቸው» ብሎ መውሰድ ግዢ አይደለም፤ እልህ ነው። እልህ ደግሞ ጎል አያገባም። እንዲሁም በአንድ ጨዋታ በእኛ ላይ ሁለት ጎል ስላገባ ብቻ የሚፈለግ ተጫዋች አለ። በእኛ ላይ ሁለት ያገባ በሌሎቹ ላይ ስንት አገባ? ብሎ መቁጠር ያስፈልጋል። ይህን መቁጠር ለእናንተ አያቅትም፤ ተማሪው በትምህርት ቤት ሒሳብ ይማራል፥ የቢሮው ሠራተኛም ቀኑን ሙሉ መዝገብ ያገላብጣል። አንድ ደብተር ይዛችሁ የተጫዋቹን የጨዋታ ብዛት፥ ጎሉን፥ የተጎዳበትን ጊዜ ብትመዘግቡ፥ በክረምት ክርክር ጊዜ በድምፅ ጩኸት ሳይሆን በማስረጃ ትረታላችሁ።

ውድ አንባቢያን፤ ይህን ሁሉ የምንለው የደጋፊ ቃል ከንቱ እንዳልሆነ ስለምናውቅ ነው። የክለብ መሪ ደጋፊውን ይሰማል፤ ስም ከተጠራበት ስም ይገዛል፤ ትዕግሥት ከተሰጠው ይታገሣል። በዚህ መካከል ያለው ደግሞ ዕቃ አይደለም፤ ሰው ነው። ከገጠር ከተማ በሃያ ዓመቱ መጥቶ፥ ለአንድ ዓመት ፈርሞ፥ በሦስት ጨዋታ ጎል ስላላገባ ተሰድቦ፥ በክረምቱ ተሰናብቶ የሚሄድ ልጅ አለ። ድስት ቢሰነጠቅ በሌላ ይለወጣል፤ የልጅ ልብ ቢሰነጠቅ ግን የሚጠግነው የለም። ስለዚህ በሻይ ቤት «ግዙልን» ከማለታችሁ በፊት የራጉኤልን ሸማች አስታውሱ፤ ምን ጎደለን? ስንት ዘመን ያገለግለናል? ማን ይይዘዋል? በሉ። መልሱን ካገኛችሁ ስሙ ራሱ ይመጣል።

መስከረም አንድ ቀን የራጉኤል በዓልና የአዲስ ዓመት መባቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሜዳው መከፈቱ አይዘገይም። የጊዮርጊስም ሆነ የቡና፥ የመድንም ሆነ የሐዋሳ ደጋፊ የሆናችሁ ሁሉ፥ የገዛችሁትን ሳይሆን የጎደላችሁን አውቃችሁ ለዚያ ቀን በደኅና ያድርሳችሁ።